ገንዘቡ በልጁ ትከሻ አይለፍ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የዝግጅት ኮሚቴው በዚህ ጉባኤ ላይ ንግግር እንዳደርግ ሲጋብዘኝ ስለ መንገድ ወይም ስለ ድልድይ እንድናገር ሳይጠብቅ አልቀረም። እኔም በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ተዳፋት መሬትና ስለ ውኃ መውረጃ ነበር። ነገር ግን በሙያው ባሳለፍኋቸው ዓመታት በየካምፑ ማታ ማታ ከባልደረቦቼ ጋር ከተጫወትነው ሁሉ ይበልጡን ጊዜ የወሰደው የሥራ ጉዳይ ሳይሆን የቤት ጉዳይ፣ ይልቁንም የፈረሰ ትዳርና የልጅ ቀለብ ጉዳይ መሆኑን ሳስታውስ ርእሴን ለወጥሁ። ከመካከላችን ልጁን በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚያይ፣ በየወሩ መጨረሻም ከልጁ እናት ጋር በስልክ የሚጨቃጨቅ ጥቂት ሰው አይደለም። እኔም አንዱ ነበርሁ። ስለዚህ የምናገረው እንደ ዳኛም እንደ ሰባኪም ሆኜ አይደለም። ነገሩን ከሁለቱም ወገን ቆሜ አይቼዋለሁ፤ በልጅነቴ ቀለብ የሚቆረጥልኝ፣ ካደግሁ በኋላ ደግሞ ቀለብ ቆራጭ ሆኛለሁና።

የደብረ ሲናው መልእክተኛ

የተወለድሁት በደብረ ሲና ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲኬድ፣ ደብረ ብርሃን ከታለፈ በኋላ፣ ጣርማ በር ላይ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት ዋሻ አለ፤ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከዋሻው ወጥቶ እየተጠማዘዘ የሚወርደው ቁልቁለት የሚያደርሰው ከደብረ ሲና ነው። መንገደኛ ሁሉ ከተማዋን የሚያስታውሳት በጉሟና በመኪና መስኮት በሚሸጠው የገብስ ቆሎ ነው። እናቴ አውቶቡስ ሲቆም ቆሎ ይዘው ከሚሮጡት ሴቶች አንዷ ነበረች። አባቴ ደግሞ በከተማዋ ታችኛው ጫፍ በአንድ ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር።

ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ተለያዩ። የፌዴራሉም ሆነ የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ገና አልወጣም ነበርና፣ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ጉዳያቸውን ያዩት የዘመድ ዳኞች ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ዕቃውን አካፈሉ፤ እኔ ከእናቴ ጋር እንድኖር ወሰኑ፤ ቀለቤንም በወር 40 ብርና በመኸር ጊዜ አንድ ኩንታል ማሽላ አድርገው ቆረጡ። ዛሬም ቢሆን ፍርዳቸው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ረሱ፤ ገንዘቡን ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ማን እንደሚያደርሰው አልወሰኑም። አባቴ ወደ እናቴ ደጃፍ መምጣት አልወደደም። እናቴም ወደ ወፍጮ ቤቱ መሄድን እንደ ልመና ቈጠረችው። ስለዚህ ሥራው ለእኔ ደረሰ።

ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ቁልቁል እወርድ ነበር። ስሄድ የእናቴን ቃል ይዤ ነው፤ «ደብተር አልቆበታል በለው፤ ጫማህንም አሳየው» ትለኛለች። ስመለስ የአባቴን ቃል ይዤ ነው፤ «ያለፈውን ምን አደረግሽው ይላል በላት» ይለኛል። ሁለቱንም ቃል እንደ ተሰጠኝ አድርሼ አላውቅም። አንዱን አለሳልሰዋለሁ፤ ሌላውን በመንገድ ላይ እጥለዋለሁ። እናቴና አባቴ ለሁለት ዓመት ያህል ሳይነጋገሩ በሰላም የኖሩት እኔ በመካከል ሆኜ ስለምዋሽ ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ በሐምሌ ወር አንድ ቅዳሜ አባቴ በ40 ብር ፈንታ 25 ብር ሰጠኝ። «የቀረውን በሚመጣው ወር እጨምራለሁ በላት» አለኝ። ለእናቴ እውነቱን ብነግራት ምን እንደሚሆን ዐውቅ ነበር፤ በማግሥቱ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሰው ተሰብስቦ ጠብ ያያል። ስለዚህ እቤት ስደርስ «15 ብር ጠፋብኝ» አልኋት።

አልመታችኝም። ፋኖስ አብርታ፣ ነጠላዋን በወገቧ አስራ፣ እጄን ይዛ ወጣች። መሽቷል፤ ጉሙም ወርዶ ነበር። ከቤታችን እስከ ወፍጮ ቤቱ መታጠፊያ ድረስ እያጎነበሰች፣ በድንጋዩ ሥርና በውኃው መውረጃ ዳር እያበራች ፈለገች። እኔም ገንዘቡ እንደሌለ እያወቅሁ አብሬያት አጎንብሼ ፈለግሁ።

አባቴ ቃሉን ጠበቀ። በሚቀጥለው ወር 55 ብር ሰጠኝ። ያን ጊዜ ከፊተኛው የባሰ ጭንቅ ገጠመኝ፤ የተጨመረውን 15 ብር ለእናቴ ብሰጣት የፊተኛው ውሸቴ ሊገለጥ ነው። 40 ብሩን ሰጠኋትና 15ቱን በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ሸሸግሁት። ከዚያም በኋላ «ትምህርት ቤት ሰጡኝ» እያልሁ ደብተርና እርሳስ እየገዛሁበት ጨረስሁት። እናቴ ፋኖስ ይዛ የፈለገችው ገንዘብ በመጨረሻው በዚህ ዓይነት ቤቷ ገባ።

ይህን ታሪክ ለእናቴ የነገርኋት ባለፈው ዓመት ነው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና «ስንት ዓመትህ ነበር?» አለችኝ። «ዘጠኝ» አልኋት። ሌላ ምንም አልተናገረችም።

እንደምታዩት በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። አባቴ አንድ ወር ጎደለበት እንጂ አልካደም፤ የጎደለውንም ሞላ። እናቴም የሚገባትን ጠየቀች እንጂ ከልክ አላለፈችም። ዳኞቹም በትክክል ፈረዱ። ሆኖም ሁሉም እውነተኞች ሳሉ በመካከላቸው ያለው ልጅ ሐሰተኛና ገንዘብ ደባቂ ሆነ። እኛ መሐንዲሶች ይህን የመሰለ ነገር ሲያጋጥመን ጥፋቱን የምንፈልገው ከሠራተኛው ዘንድ ሳይሆን ከንድፉ ዘንድ ነው። ጭነቱ የተጫነው ሊሸከመው በማይችል አካል ላይ ነበር።

በልጁ ላይ የሚደርሰው

ሰዎች «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ያድጋል፤ እኔም አድጌ መሐንዲስ ሆንሁ። ነገር ግን ይህ አነጋገር ብዙ ጊዜ የሚሰማው መክፈል ከማይፈልግ ሰው አፍ እንደሆነ ልብ በሉ። ልጁ በምን ዓይነት ሁኔታ እንዳደገ ማን ይጠይቀዋል? እኔ አርብ ማታ ሆዴን ያመኝ ነበር። ትምህርቴን ግን አልተውሁም፤ በክፍልም አልረበሽሁም። መምህሮቼ ጭምት ልጅ ነው እያሉ ያመሰግኑኝ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. በደብረ ሲና አካባቢ የደረሰውን የመሬት መንሸራተት ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ብዙ ቤተሰብ ቀየውን ለቆ ተሰዷል። በሙያችን እንደምናውቀው እንዲህ ያለው ተዳፋት ለዓመታት ውኃ ሲሰርግበት ቆይቶ የሚወርደው በአንድ ቀን ነው። ከላይ ሣሩ ለምልሞ ሲታይ መሬቱ ደኅና ይመስላል። የዝምተኛ ልጅ ጭምትነትም እንዲሁ ነው። ወላጆቹ ስለ ገንዘብ ሲጣሉ እየሰማ ምንም የማይል ልጅ አልተጎዳም ብላችሁ አትተማመኑ። ራሱን እንደ ወጪ መቁጠር ጀምሮ ሊሆን ይችላል። «እኔ ባልኖር ይህ ሁሉ ጠብ አይኖርም ነበር» ብሎ የማያስብ የተፋቱ ሰዎች ልጅ ብዙ አይመስለኝም።

ሕጉ ምን ይላል

ከሕጉ የጎደለ ነገር አለ ብሎ ማማረር ቀላል ነው፤ ይሁንና ሕጉ ብዙ ርቀት ሄዷል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው፣ ልጆችን በሚመለከት ጉዳይ ሁሉ የልጁ ደኅንነት በቀደምትነት መታሰብ እንዳለበት ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሕፃናት መብቶች ስምምነትም ቃሉ ከዚህ የተለየ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ከዘመድ ዳኞች ወደ ፍርድ ቤት አዛወረ። ፍርድ ቤቱም ፍቺውን ሲወስን ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ትምህርታቸው፣ ጤናቸውና ቀለባቸው እንዴት እንደሚሆን፣ ወላጅና ልጅም እንዴት እንደሚጠያየቁ አብሮ እንዲወስን አዘዘ። በአማራ ክልልም አዋጅ ቁጥር 79/1995 የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ሆኖ ወጣ። የቀለብ ልክ የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው፤ በተቀባዩ ችግርና በሰጪው አቅም። አቅም እያለው ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ የሚከለክል ሰው ደግሞ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ መሠረት ሊከሰስ ይችላል።

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠውን ውሳኔ ማስታወስ እወዳለሁ። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ያሳደገችው አክስቱ ነበረች። አባትየው ልጁን ልረከብ ብሎ ሲከራከር የሥር ፍርድ ቤቶች አባት ነውና ይገባዋል አሉ። ሰበር ችሎቱ ግን ሕገ መንግሥቱንና ስምምነቱን ጠቅሶ ውሳኔውን ሻረ፤ ልጁም ካሳደገችው ዘንድ እንዲቆይ ሆነ። ከዚህ የምንማረው አባትነት እንደ ቤት ካርታ በእጅ የሚያዝ ማስረጃ ብቻ አለመሆኑን ነው። የሚመዘነው በተደረገው እንክብካቤ ነው።

በየካምፑ የምሰማቸው ሁለት አነጋገሮች ግን ከዚህ መንፈስ እጅግ የራቁ ናቸው። አንዱ ወገን «ልጄን ካላየሁ አልከፍልም» ይላል። ሌላው ወገን «ካልከፈለ ልጁን አያይም» ይላል። ሁለቱም ልጁን እንደ መያዣ ይዘውታል። ሕጉ ግን መጠየቁን የቀለቡ ዋጋ፣ ቀለቡንም የመጠየቁ ዋጋ አላደረገም። ሁለቱም የልጁ ናቸው። ልጁን ከአባቱ የምታሸሽ እናትም፣ ልጁን በረኃብ አስይዞ እናቲቱን ለማንበርከክ የሚሞክር አባትም የሚነግዱት በሌላ ሰው ንብረት ነው።

የእኛ ሙያና አበሉ

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። የእኛ ሙያ ሰውን ከቤቱ ያርቃል። ፕሮጀክት ሲገኝ ለሁለትና ለሦስት ዓመት በረሃ ይወረዳል። ከዚህም የተነሣ የብዙዎቻችን ገቢ ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ ደመወዝ፣ ሌላው የበረሃ አበል፣ ውሎ አበልና ይህን የመሳሰለው ነው። በአንዳንድ ፕሮጀክት አበሉ ደመወዙን ያህላል፤ የሚበልጥበትም ጊዜ አለ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝ የሚለውን ቃል ሲተረጉም እነዚህን አበሎች በደመወዝ ውስጥ አይቈጥራቸውም። ከሠራተኛው የሚቀነሰውም ከደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይወስናል። ይህ ሠራተኛውን ለመጠበቅ የተደረገ ስለሆነ ተገቢ ነው። ነገር ግን የቤተሰብ ሕጉ የሚመለከተው የሰጪውን አቅም እንጂ የደመወዝ ወረቀቱን ብቻ አይደለም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ክፍተት አለ። የልጁ እናት አበሉን የምታውቅበት ወረቀት የላትም፤ አባትየውም ፍርድ ቤት ይዞት የሚቀርበው የደመወዝ ማስረጃ ብቻ ነው። ልጁ ከሚገባው የሚጎድለው በዚህ ክፍተት ውስጥ ይወድቃል።

ይህን የማውቀው እኔም ስላደረግሁት ነው። በ2012 ዓ.ም. ከባለቤቴ ጋር ስንለያይ ልጃችን የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ለፍርድ ቤት ያቀረብሁት ደመወዜን ብቻ ነበር። ማንም ስለ አበሉ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርሁም። የተወሰነብኝን አንድም ወር ሳላጓድል እከፍል ስለ ነበር ራሴን እንደ ደግ አባት እቈጥር ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ማታ ከሥራ ቦታ ስደውል ልጄ «አባዬ፣ ጫማዬ ጠበበኝ» አለችኝ። እኔም ደክሞኝ ነበርና ሳላስበው «የላክሁትን እናትሽ ምን አደረገችው?» አልኋት። ጥቂት ዝም ብላ «ግድ የለም አባዬ፣ ዛሬ ሰፍቶልኛል» አለችኝ።

ጫማ በአንድ ቀን አይሰፋም። የስምንት ዓመት ልጅ ሁለት ትልልቅ ሰዎችን ለማስታረቅ የምትናገረውን ውሸት ከእኔ ይልቅ የሚያውቅ የለም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከአባቴ አፍ የሰማሁትን ቃል፣ አንድም ፊደል ሳልለውጥ፣ ለልጄ አቀብዬ ነበር። አባቴ ገንዘቡን በእጄ ይልክ ነበር፤ እኔ በባንክ እልካለሁ። ነገሩ ግን አንድ ሆኖ አገኘሁት፤ ክርክሩ አሁንም የሚጓዘው በልጁ ትከሻ ነውና።

የዋጋ ማስተካከያ

ሌላም ያፈርሁበት ነገር አለ። እኛ ተቋራጮችና አማካሪ መሐንዲሶች ረዘም ላለ ሥራ ውል ስንዋዋል የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ እናስገባለን። ሲሚንቶ፣ ብረትና ነዳጅ ሲወደድ በቀመሩ መሠረት ክፍያው ይስተካከላል፤ አለዚያ ሥራው በመካከሉ እንደሚቆም እናውቃለን። ስለ ልጅ ቀለብ ስንዋዋል ግን ዋጋው ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዳለ ይቀመጣል። ልጁ ያድጋል፣ ይበላል፣ ክፍል ይለውጣል፤ የብሩም የመግዛት ኃይል ይወርዳል፤ በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ግን አይነቃነቅም። አባት «የተወሰነብኝን ከፍያለሁ» ይላል፤ እውነቱን ነው። እናት «አይበቃም» ትላለች፤ እርሷም እውነቷን ነው። ሁኔታው ሲለወጥ የቀለቡ ልክ እንዲሻሻል ለፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል። ነገር ግን በየጊዜው ችሎት መቆም አድካሚ ስለሆነ፣ አብዛኛው ሰው ከማመልከት ይልቅ መጨቃጨቅን ይመርጣል።

በሌላው ዓለምም ይህን ችግር ለመፍታት ብዙ ተሞክሯል። በስዊድን ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከፋዩ ወላጅ ሲያጓድል መንግሥት ለልጁ አስቀድሞ ከፍሎ ገንዘቡን ከወላጁ የሚያስመልስበት ሥርዓት ተቋቁሟል። በብሪታንያም በ1993 እ.ኤ.አ. ቀለቡን በቀመር አስልቶ የሚሰበስብ መሥሪያ ቤት ተከፍቶ ነበር፤ ከስሌቱ ስሕተትና ከውዝፉ ብዛት የተነሣ ብዙ ወቀሳ ደርሶበት በመጨረሻ ተዘጋ። ከሁለቱ የምንረዳው ቀመር ብቻውን ጠብን እንደማያስቀር፣ ነገር ግን ልጁን ከጠቡ መንገድ ማውጣት የሚቻል መሆኑን ነው። የእኛ አገር አቅም የስዊድንን አይደለም። ቢሆንም መንግሥት እስኪደርስልን ሳንጠብቅ በራሳችን እጅ ያለ ነገር አለ።

ምን ይደረግ

ከዚያች ማታ በኋላ በመጀመሪያው ዕረፍቴ ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ከልጄ እናት ጋር ተቀመጥሁ። አበሌንም ሳልደብቅ ተናገርሁ። በመጀመሪያ ተቈጣች፤ መብቷ ነበር። ከዚያ ተዋዋልንና ስምምነቱን በፍርድ ቤት አጸደቅነው። ከውላችን ያገኘሁትን ትምህርት በአምስት ነጥብ ላቅርብላችሁ።

አንደኛ፣ ገንዘቡ የራሱ መንገድ ይኑረው። ደመወዝ በሚገባበት ቀን ከአባትየው ሒሳብ ወደ እናቲቱ ሒሳብ በቀጥታ ይተላለፍ፤ ባንኮች ይህን በቋሚ ትእዛዝ ይፈጽማሉ። ልጁ የሚከፈልበትን ቀን ማወቅ የለበትም።

ሁለተኛ፣ አቅም ሲባል ሙሉ ገቢ ይቈጠር። አበል የሚቀር ነገር ስለሆነ በቁርጥ ብር ሳይሆን በመቶኛ ይወሰን፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ድርሻው አብሮ ይቆማል።

ሦስተኛ፣ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት፣ ሁለቱ ወላጆች ብቻ ተገናኝተው ልኩን ይከልሱ። ለሲሚንቶ የፈቀድነውን ለእንጀራ አንከልክል።

አራተኛ፣ ሥራ ሲጠፋ ወይም ደመወዝ ሲዘገይ አስቀድሞ በጽሑፍ ይነገር። እናት የምትቈጣው በጎደለው ብር ብቻ አይደለም፤ ባልተነገራትም ነገር ነው። አባቴ ያን 15 ብር በራሱ አንደበት ነግሯት ቢሆን ኖሮ ፋኖሱ ባልበራ ነበር።

አምስተኛ፣ ስለ ገንዘብ የሚነገር ቃል ሁሉ ከልጁ ጆሮ ይራቅ። እናትም «አባትህን ጠይቀው» አትበል፤ አባትም «እናትሽ ምን አደረገችው» አይበል። የወጪ ዝርዝር የሚፈልግ አባት ራሱ ይጠይቅ፤ እናትም ደረሰኝ መያዝን እንደ ውርደት አትቍጠረው። እኛ በየወሩ የክፍያ ሰርተፊኬት ስንፈርም ማንም ሌባ ተባልሁ ብሎ አያኮርፍም።

ማኅበራችንም የሚያደርገው አይጠፋም። ለአባላት የሕግ ምክር የሚሰጥ ባለሙያ በወር አንድ ቀን ቢመደብ፣ ከአባላቱም መካከል ለሽምግልና የሚቀመጡ ወንዶችና ሴቶች ቢመረጡ ብዙ ጠብ ወደ ችሎት ሳይደርስ ይበርዳል። አሠሪ የሆናችሁ አባላት ደግሞ የቀለብ ትእዛዝ ከፍርድ ቤት ሲመጣላችሁ በሒሳብ ክፍል መሳቢያ ውስጥ እንዳይከርም አድርጉ። ከወረቀቱ በስተጀርባ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚጠብቅ ልጅ አለ።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

ትዳር እንዳይፈርስ መምከር ለሌሎች ይቆየኝ። እኔ የምለው ከፈረሰ በኋላ ስላለው ነው። ሁለት ሰዎች ባልና ሚስት መሆናቸውን ያቆማሉ፤ አባትና እናት መሆናቸውን ግን ማቆም አይችሉም። በመካከላቸው የሚመላለስ ጉዳይ ስለማይጠፋ መገናኛ ያስፈልጋቸዋል። ያ መገናኛ ባንክ ይሁን፣ ሽማግሌ ይሁን፣ ፍርድ ቤት ይሁን፤ ልጁ ብቻ አይሁን።

በዚህ ወር ልጄ ስትደውልልኝ ስለ ጫማ አላነሣችም። ስለ አንዲት ጓደኛዋና ስለ ጠፋ ድመት ግማሽ ሰዓት ያህል አወራችኝ። እኔ በዕድሜዋ ሳለሁ ከአባቴ ጋር እንዲህ ያለ ወሬ አውርቼ አላውቅም፤ ጊዜያችን ሁሉ በሒሳብ ያልቅ ነበርና።